ሲስተር የተባልኩበት ክረምት

እናቴ የስለቷን ጃንጥላ ያስገባች ዕለት ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እንጦጦ ላይ ካሉት ደብሮች በአንዱ ንግሥ ነው፤ ጭጋጉ ገና ከባሕር ዛፎቹ አልተነሣም፣ ጫማችን በጭቃ ከብዷል። ጃንጥላው ቀይ ከፈይ ነው። እናቴ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ነው ያሳደገችኝ፤ የጃንጥላውንም ዘርፍ ከሱቅ አልገዛችም፣ ገና ለፈተናው ሳልቀመጥ ጀምራ በገዛ እጇ ሠራችው። ተራዋ ሲደርስ ማይክራፎኑን የያዙት አባት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኅታችን፣ ልጃቸው የነርስነት ፈተናዋን ስላለፈችላቸው የተሳሉትን ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል፤ እልል በሉ!» አሉ።

ሕዝቡ እልል አለ። እናቴ አለቀሰች። ከጎኔ የቆሙ የማላውቃቸው ሴትዮ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና፣ «እሰይ የኔ ልጅ! ሲስተር ሆንሽ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ፈተናውን ወድቄ ነበር።

ውጤቱ የተለቀቀ ቀን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ገጹን ስከፍት እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ብዙ ቆየ። ከዚያ ስሜ መጣ፤ ከስሜ ሥር ነጥቤ፣ ከነጥቤ ጎን ደግሞ ማለፊያውን እንዳልሞላሁ የሚናገር አንድ ቃል። ቀና ስል የእናቴ እጅ አፏ አጠገብ ደርሷል፤ እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ነው።

«አለፍሽ?» አለችኝ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ትንሽ ትደሰት፣ ማታ እነግራታለሁ ብዬ ነው። ማታ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ቤታችን ሞልቶ ነበር። በማግስቱም አልነገርኳት፣ በሳምንቱም አልነገርኳት። ጃንጥላውን ስታስገባም አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ስሜ ጠፋና ሲስተር ሆንኩ። ዳቦ ለመግዛት ስሰለፍ «ሲስተርን አሳልፏት» ይባላል። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሴት ከመደርደሪያቸው ኋላ ሆነው «ሲስተርዬ!» እያሉ ይጣሩኛል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በመንገድ ላይ እጅጌያቸውን ሰብስበው «እስቲ ግፊቴን» ይሉኛል፤ መለኪያ እንዳልያዝኩ እያወቁ። በዚያ ክረምት አንድ ልማድ አመጣሁ፤ ሳላስበው ጣቶቼ የእጄ አንጓ ላይ ሄደው የልብ ምቴን ይቆጥራሉ። ታክሲ ውስጥም፣ ምሳ ላይም፣ እናቴ አጠገብ ተቀምጬም።

ለእናቴ የነርስነት የሥራ ፈቃዱ ታትሞ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል አልኳት። እስከዚያው ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለልምድ ያህል በነፃ እየሠራሁ ነው አልኳት። እሷም ነጭ ጋወኔን አጥባ፣ በደንብ ተኩሳ፣ ጠዋት ጠዋት በእጄ ትሰጠኛለች። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ከጋወኑ ሥር ጥርዙ የላላ፣ ጥያቄዎች የታጨቁበት ወፍራም ፎቶ ኮፒ አለ። ቀጣዩ ዙር ፈተና ክረምቱ ሲወጣ ነው።

የምሄደው ክሊኒክ ሳይሆን ጳውሎስ ጋ፣ መድኃኒት ቤቶቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ ወዳለች ካፌ ነበር። አስታማሚዎች፣ ተማሪዎች፣ የምርመራ ወረቀት በፌስታል የያዙ ሰዎች ይገቡባታል፤ አንድ ሻይ ይዤ እስከ ምሳ ብቀመጥ ማንም አይናገረኝም። አንድ ጠዋት ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ አንዲት ጎልማሳ ሴት ጉንጯን ወረቀት ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። እግሯ ላይ የነርስ ነጭ ጫማ አለ። ወረቀቱን አጮልቄ አየሁት፤ የእኔው ፎቶ ኮፒ ነው። በቀይ እስክርቢቶ መልሳዋለች፤ ከመለሰችው ግማሹ ስሕተት ነው።

ስትነቃ ሳላስበው፣ «ሲ አይደለም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሦስተኛው ጥያቄ። ቢ ነው።»

ዓይኗን እያሸች መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «የት ነው የምትሠሪው?»

ለሰው ሁሉ የምናገረው ውሸት አፌ ላይ መጣ። ይቺ ሴት ግን እናቴን አታውቅም፣ ሰፈሬንም አታውቅም። «አልሠራም። ወድቄ ነው» አልኳት። ያንን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

«እኔም» አለች። «ሁለቴ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዲፕሎማ ነርስነት ሠርታለች። ዲግሪዋን ቅዳሜና እሑድ እየተማረች ጨረሰች፤ ይህን ፈተና ካላለፈች ግን ዲግሪው ከሳጥን አይወጣም። ማታ ማታ ተረኛ ናት፤ ጠዋት ስትወጣ ወደ ቤቷ ከሄደች ስለምትተኛ ካፌዋ ውስጥ ተቀምጣ ለማንበብ ትሞክራለች፣ እዚያም እንቅልፍ ይወስዳታል። «እርስዎ ቢያርፉ አይሻልም?» ስላት ሳቀች። «አንቱ አትበይኝ፣ እንቅልፍ ያጣሁ እንጂ ያረጀሁ አይደለሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቷ አብረን ማጥናት ያዝን። ቤቷ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። እኔ ዳገቱን ስወጣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጥግ ይዤ አሳልፋቸዋለሁ። እሷ ከተቀመጠች እንደምትተኛ ስለምታውቅ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትቆማለች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች።

«ሕመምተኛው ትንፋሽ አጥሮታል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ነርሷ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ኤ፣ ሐኪም ትጠራለች። ቢ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ታደርጋለች። ሲ፣ ኦክስጅን ታመጣለች። ዲ፣ የልብ ምቱን ትለካለች።»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም የሚል የለም።»

«እንዴት የለም? በአንድ እጄ ራስጌውን አነሣለሁ፣ በሌላው አንጓውን ይዣለሁ፣ በአፌ ሐኪሙን እየጠራሁ ነው፣ አስታማሚውን ደግሞ ያንን ሲሊንደር ወዲህ ግፋው እለዋለሁ።»

«አንዱን ምረጪ።»

«አንቺ ምረጪ! እኔ ስመርጥ ሰውየው ሊሞትብኝ ነው።»

እንዲህ ነበርን። የጉሉኮስ ጠብታ ስሌት ሲመጣ ደግሞ እኔ ወረቀት ላይ አባዝቼ፣ አካፍዬ፣ «በደቂቃ አርባ ሁለት ጠብታ» ስል፣ እሷ ከእኔ ቀድማ ጣቷን አየር ላይ እየነቀነቀች ትቆጥርና «በአሥር ሰከንድ ሰባት፤ ልክ ነሽ» ትላለች። ስሌቱን አታውቀውም። ጆሮዋና ዓይኗ ግን ያውቁታል።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር፤ እሷ ናት ያገኘችልኝ። የሠራሁትን ወረቀት አንድ ቀን እያገላበጠች ቆየችና፣ «ይኸውልሽ፣ መጀመሪያ ያከበብሽው ትክክል ነበር። ይሄም። ይሄም። ለምን ሰረዝሻቸው?» አለችኝ።

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

ምንን እንደሆነ እኔም አላውቀውም ነበር። መልሱን አውቄ አከብበዋለሁ፣ ከዚያ ይህን ያህል ቀላል ሊሆን አይችልም እላለሁ፣ እንደገና አነበዋለሁ፣ ልቤ መምታት ይጀምራል፣ አጠፋዋለሁ። ላጲሴን ከጠረጴዛው አንሥታ ጋወኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እስከ ፈተናው ድረስ አልመለሰችልኝም።

የጃንጥላውን ነገር ስነግራት መጀመሪያ እስኪያስላት ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ለእናትሽ ንገሪያት» አለች።

«ሳልፍ እነግራታለሁ።»

«ካላለፍሽስ?»

ቀጣዩን ጥያቄ አነበብኩላት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ እየወረደ ቤት ስገባ፣ ባለሱቋ ጎረቤታችን ከልጃቸው ጋር እኛ ቤት ተቀምጠዋል። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ልቧን ያማታል፤ በየወሩ ጤና ጣቢያ እየሄደች የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። እናቴ ሶፋው ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፋለች፤ ምድጃው ላይ ውሃ ጥዳለች። ውሃው ለምን እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም፤ መርፌ ሲወጋ ውሃ ይፈላል ብላ ነው።

«ሲስተርዬ፣ መጣሽልን» አሉ ባለሱቋ። «ጠዋት ሄደን ወረፋው አይቀመስም፣ ተመለስን። አሁን ደግሞ ዝናቡ። በራችን ላይ ሲስተር እያለች ልጄን ብርድ ለምን ይምታት ብዬ ነው። መድኃኒቱም፣ ሲሪንጁም ሙሉ ነው።» ጥቁር ፌስታል ከፍተው ብልቃጡን በእጄ ሰጡኝ።

እናቴ ታየኛለች። ፊቷ ላይ ያለው ኩራት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ያንን መርፌ በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ወግቼዋለሁ። ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት፣ ቀስ ተብሎ፣ ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱ ተረጋግጦ። ከተወጋች በኋላ ከዓይን ሳትርቅ ትጠበቃለች። ሰውነቷ መድኃኒቱን ካልተቀበለው የሚሰጥ አድሬናሊን በእጅ መኖር አለበት። ገጹ ራሱ ታየኝ፤ በየትኛው ጥግ ላይ ሻይ እንደፈሰሰበት ሳይቀር። እኛ ቤት ያለው የፈላ ውሃ ብቻ ነው።

«ከዚህ በፊት ስትወጊ የሆንሽው ነገር አለ?» አልኳት ልጅቷን። «ያሳከከሽ፣ ትንፋሽ ያጠረሽ?»

እናቷን አየቻቸው። «ባለፈው ትንሽ አዞረኝ።»

«ፈርታ ነው» አሉ ባለሱቋ።

ፈርታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ግን እኔ ያንን ለመወሰን ማን ነኝ? ብልቃጡ በላቤ ርሷል። እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና፣ «እዚህ አልወጋትም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቴ።

«ጤና ጣቢያ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ተረኛ አለ።»

«በዚህ ዝናብ? መርፌ መውጋት አቃተሽ? የጎረቤት ልጅ እኮ ናት!»

ባለሱቋ ፌስታላቸውን አንሥተው የልጃቸውን ትከሻ በሻርፕ ጠቀለሉ። እናቴ ግን በር ድረስ ተከትላኝ፣ ሰው እንዳይሰማት ዝግ ብላ፣ «አዋረድሽኝ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛው ወጣት ነርስ ነበር። ባለፈው ወር አዞራት አልኩት፤ መጠኑን፣ የመጨረሻውን መርፌ ቀን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ባለሙያ ነሽ እንዴ?» አለ። እንዲያው በጨዋታ ነበር የጠየቀኝ።

«አይደለሁም» አልኩ።

ባለሱቋ አጠገቤ ቆመዋል። ሰምተዋል። ነርሱ ልጅቷን ወጋት፤ ከዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ግማሽ ሰዓት ጠበቅናት። ዓይኔን ከፊቷ ላይ አላነሣሁም። ብስኩት በላች። ምንም አልሆነችም። እዚህ ምንም ካልሆነች እቤትስ ብወጋት ኖሮ ምን ነበረበት የሚል ሐሳብ መጣብኝ፣ መልሶ ደግሞ አስፈራኝ።

ስንመለስ ልጅቷ ቀድማን እየሄደች፣ ባለሱቋ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ሲስተር፣ ቅድም ለነርሱ ያልሽው...»

«እናቴ አታውቅም።»

«ወላሂ ከእኔ አይወጣም» አሉ። «ግን ንገሪያት። ዛሬ ንገሪያት፣ የኔ ልጅ።»

ገብቼ ስነግራት እናቴ ነጠላ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እየቋጨች ነበር። ተቆጥታ ስለነበር ቀና ብላ አላየችኝም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳላቋርጥ ነገርኳት፤ ስልኩን፣ ራሴን የነቀነቅኩትን፣ ክሊኒክ እንደሌለ። ጣቶቿ ክሩ ላይ ቆሙ።

«ጃንጥላው» አለች።

«እማዬ...»

«በማይክራፎን እኮ ነው ያስነገርኩት! ሕዝቡ እኮ እልል ብሏል!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለጎረቤት ብትዋሺ፣ ለእኔ ብትዋሺ፣ እሺ። እኔን ታቦት ፊት ለምን አስዋሸሽኝ?»

እሑድን ሙሉ አላናገረችኝም። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባቷ ወጣች። እኔ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰች።

«ምን አሉሽ?»

«መጀመሪያ ሳቁ» አለች፣ አሁንም በንዴት። «ጃንጥላው አይመለስም አሉ። የሰጠሽው ለታቦቱ ነው፣ በልጅሽ ውጤት አልገዛሽውም አሉኝ። አንቺ ግን ሄደሽ ትናዘዣለሽ። ስግደትም አለብሽ።»

ሄድኩ፤ ሰገድኩም። እናቴ በበኩሏ በዚያው ሳምንት የጎረቤቱን ደጅ አንድ በአንድ እያንኳኳች «ልጄ ገና ናት፤ ተሳስቼ ነው የነገርኳችሁ» አለች። እኔን አላስወቀሰችኝም፤ ተሳስቼ ነው ነበር ያለችው። ይህ ከስድብ ሁሉ የባሰ አቃጠለኝ። ሰዉ ግን ልማድ ሆኖበት ሲስተር ማለቱን አልተወም። ዳቦ ቤት ጋ በጠሩኝ ቁጥር «ገና ነኝ» እላለሁ፣ ፊቴ እየቀላ። ጋወኔን ከዚያ በኋላ ራሴ ነበርኩ የምተኩሰው።

ዳገት ላይ ያለችው ጓደኛዬ ጎበዝ እንድትለኝ ጠብቄ ስለ መርፌው ነገርኳት። ግድግዳዋን ተደግፋ ሰማችኝ።

«እኔ ብሆን እወጋት ነበር» አለች በመጨረሻ። «በየቤቱ ስንቱን ወግቻለሁ። ሰው ይለምንሻል፣ እንቢ ማለት ያሳፍራል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ወግቼው፣ ገና ጥጡን ሳላነሣ ወደቀ። ተሸክመን ሮጥን። ተረፈ። እኔ አይደለሁም ያተረፍኩት፤ መንገዱ ቅርብ ስለነበር ነው።» እጇን ወደ ወረቀቱ ዘረጋች። «አንብቢ። ስለ አለርጂው ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»

ፈተናው ሲቀርብ አንድ ሌላ ጭንቀት ተጨመረ፤ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ እሷ ደግሞ ማውዝ ይዛ አታውቅም ማለት ይቻላል። ያለፉትን ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓቷን የማውዙን ቀስት ስታሳድድ እንዳጠፋች ነገረችኝ። ዊንጌት አጠገብ ተማሪዎች ወረቀት የሚያሳትሙባት ጠባብ ቤት አለች፤ እዚያ ይዣት እሄድ ጀመር። ተቅማጥ አድርቆት ደም ሥሩ የጠፋ ሕፃን ላይ በአንድ ጊዜ ሥር የምታገኝ እጅ፣ ማውዙ ላይ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች። ከኋላችን ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሲስቁ ሰማሁ። እሷም ሰምታለች። «ይሳቁ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «እኔም የነርስ ኮሌጅ ገብተው ለልምምድ ሲመጡ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አያቸዋለሁ።»

የፈተናው ቀን ጠዋት ቁርስ አልወረደልኝም። ስልካችንን ሰበሰቡ፣ ስማችንን እየጠሩ አስገቡን፤ እሷ ከኋላዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደረሳት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓቱ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ፊደሎቹ ይታዩኛል፣ ትርጉሙ ግን አይገባም። ጣቶቼ አንጓዬ ላይ ሄዱ። መቁጠር ጀምሬ ተውኩት፤ ቁጥሩ ቢጨምር ምን አደርጋለሁ? ዘለልኩትና ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሁለተኛው ስለ ወለደች እናት የደም መፍሰስ ነበር፤ እሱን አውቀዋለሁ። ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው። የመረጥኩትን ላለመቀየር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አራት ቦታ ላይ ቀየርኩ። ትክክል አድርጌ ይሁን አጥፍቼ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስወጣ እሷ ገና ነበረች። ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅኳት፤ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች።

«እንዴት ነበር?»

«ሰዎች ነበሩ» አለች።

«የት?»

«ጥያቄዎቹ ላይ። እያንዳንዱ ላይ የማውቀው በሽተኛ አለ። አንዷ የእኔ ልጅ እግር ላይ... ማለቴ፣ እኔ ክፍል የተኛች ልጅ እግር ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ነበረ። አንዱ ባለፈው ዓመት የሞተብኝ ሽማግሌ ነው። እነሱን ሳስብ ሰዓቱ ሄደብኝ። የመጨረሻዎቹን ሳላነብ ነው የነካካሁት።»

አብረን ወደ ታክሲው ሄድን።

ውጤቱ ሳምንታት ፈጀ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ገጹን እከፍታለሁ፤ ባዶ ነው። ተለቅቆ ሳገኘው እናቴ ባለሱቋ ጋ ነበረች። ስሜ፣ ነጥቤ፣ ከጎኑ ሌላ ቃል። አላመንኩትም፤ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ስልኬን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻግሬ ሱቁ ውስጥ ገባሁና ወደ እናቴ አዞርኩት።

እንግሊዝኛ አታነብም። ስልኩን ተቀብላኝ፣ እኔን አንብቢልኝ ሳትል፣ ለባለሱቋ ልጅ ሰጠቻት። «አንቺ አንብቢው» አለቻት።

ልጅቷ አነበበችው። «አልፋለች ይላል።»

«ደግመሽ አንብቢው።»

ደግማ አነበበችው። እናቴ እልል አላለችም። የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ባለሱቋ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ ደስታው ሳይሆን ድካሙ ነው የተሰማኝ።

ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልኩላት። ሥራ ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ የአልጋ ጎማ ድምፅና የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«አለፍኩ» አልኳት።

«እሰይ! እሰይ! አውቄ ነበር!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የእኔን አልከፈትኩትም። አንቺ ክፈቺልኝ። ቁጥሬን ልንገርሽ።»

ባልከፍተው በወደድኩ። ቁጥሩን ነገረችኝ፣ የይለፍ ቃሏንም ነገረችኝ፤ ስልኩን በአንድ ጆሮዬ ይዤ በባለሱቋ ልጅ ስልክ ጻፍኩት። ገጹ እስኪከፈት ትንፋሿን እሰማለሁ።

«ምን ይላል?»

አንድ ጊዜ በዚያው ጥያቄ ላይ ራሴን ነቅንቄ ክረምቱን ሙሉ ከፍዬበታለሁ። «አላለፍሽም» አልኳት።

የሕፃኑ ለቅሶ ቀጠለ። «ብዙ ቀረኝ?»

«ትንሽ። በጣም ትንሽ።»

«እሺ» አለች። «ጎሽ፣ እንኳን አንቺ ነገርሽኝ። በሽተኛ እየጠራኝ ነው» ብላ ዘጋችው።

በዕረፍቷ ቀን ዳገቱን ወጣሁ። ምን እንደምላት አላውቅም፤ መንገዱን ሙሉ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ አንድም አላገኘሁም። በሩን ስትከፍት ፊቷ አብጧል። አልቅሳ ይሁን ተኝታ አልጠየቅኳትም። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ እሷም ትይዩዬ ተቀመጠች። ስለ እኔ ማመልከቻ ጠየቀችኝ፣ የት የት እንዳስገባሁ፣ እናቴ እንዴት እንደሆነች። ከዚያ ተነሥታ ከአልጋው ሥር ፎቶ ኮፒውን አወጣችው።

«በዚህ ጊዜ ሰዓት ይዘን ነው» አለች። «ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ። ስለ በሽተኛዬ ማውራት ስጀምር አስቁሚኝ።»

እስከ ምሳ ስንሠራ ብዙ ጊዜ አስቆምኳት። አንዳንዱን ታሪክ ግን ለመስማት ስል ሰዓቱን እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በሚቀጥለው ዙር አለፈች። እኔ ያኔ አንድ ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ ነበር፤ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር አንድም ቀን እጄ ሳያልበኝ መርፌ ወግቼ አላውቅም። ስትደውልልኝ ጓንቴን ሳላወልቅ ነው ስልኩን ያነሣሁት። «ራሴ ነኝ የከፈትኩት» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ተራው የደረሰ ሰው በሩን አንኳኳ።